የረሻድ የትርፍ ዕቃ ጣሳ

በኮልፌ ገበያ ጀርባ ጋራዥ የነበረውን መካኒክ ረሻድን ለማወቅ ከሰውየው ይልቅ ከጣሳው መጀመር ይቀላል። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ፣ ግድግዳው ላይ በተመታ ሳንቃ ላይ፣ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረው። ውስጡ ብሎን፣ ሞላ፣ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ ትናንሽ ማብሪያዎችና ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ብረቶች ነበሩ። ሁሉም ከደንበኞች መኪና የወጡ ናቸው። ሁሉም ከወጡ በኋላ ደግሞ መኪናው ያለ እነሱ እንደ ልቡ ሲሄድ ታይቷል።

በ1963 ዓ.ም. ይህ ነውር አልነበረም፤ ሙያ ነበር። ለአሮጌ መኪና መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ የሚባለው የተበላሸውን የሚተካ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ዕቃ ባይኖርም መኪና እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነበር። ረሻድ ጣሳውን እያንኳኳ፣ "ፈረንጅ ሲሠራ ያበዛል፤ እኔ እቀንስለታለሁ" ይል ነበር። አጠገቡ የሚሠራው ጫማ ሰፊ አንድ ቀን ጣሳው ራሱ ተነሥቶ ይነዳል ብሎ ሲቀልድበት ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ረሻድ ነው።

ሙያውን የተማረው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ነው። የረዥም ካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥና የቱ ጋ እንደታመመ ይናገራል። አይስትም ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ የተነሣ ቃሉ በሰፈሩ ክብደት ነበረው። ሁለት ሰዎች በመኪና ነገር ሲጣሉ "ረሻድ ምን አለ?" ይባላል፤ ረሻድ ካለ ክርክሩ አበቃ።

ከደንበኞቹ መካከል ወይዘሮ ጽጌማርያም የሚባሉ የቅቤና የማር ነጋዴ ነበሩ። ወላጆቻቸው ከከፋ መጥተው ኮልፌ የከተሙ ናቸው። ሦስት መጋዘንና አንዲት ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበሯቸው። መኪናዋን የገዟት አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሰው ላይ ሲሆን ያኔ ዕድሜዋ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። የሚነዱላቸው ጋሽ ነገሬ ይባላሉ። ከመናገሻ አካባቢ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በአምቦ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ወይዘሮዋን ሆለታ ገበያ ይወስዷቸዋል፤ የቀረውን ጊዜ በከተማ ውስጥ ይነዳሉ።

በኅዳር ወር የመኪናዋ የፍሬን መብራት አልበራ ብሎ ጋራዥ መጣች። ረሻድ ተጋድሞ ከፍሬኑ ፔዳል በላይ ሲያይ ሁለት ማብሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘ። አንደኛዋ የፍሬን መብራቱን የምታበራዋ ነበረች፤ ተቃጥላለች። ሌላዋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ናት። ተጫናት፤ ምንም አልበራም። ለቀቃት፤ ምንም አልጠፋም። ለተቃጠለችው ምትክ ያገኘው ማብሪያ ደግሞ ሰፋ ያለ ነበርና ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ትንሿን ፈታ፤ የተላቀቁትን ሁለት ሽቦዎቿን እርስ በርስ ጠምዝዞ አገናኘ፤ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ በቆረጠው ጥብጣብ ጠቀለለ። ማብሪያዋ ጣሳ ውስጥ ገባች። መብራቱ በራ። ሁሉም ደስ አለው።

በየካቲት ወር መኪናዋ ከገፈርሳ ወዲያ፣ መናገሻ ሳይደረስ፣ ቦይ ውስጥ ገባች። ወይዘሮ ጽጌማርያም የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጋሽ ነገሬ ግንባራቸው ተሰነጠቀ። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ ኮልፌ ስትገባ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አየ።

ወይዘሮዋ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፦ ጥፋቱ የሰውየው ነው ወይስ የመኪናዋ? ሰውየው ከሆነ ያሰናብቱታል። መኪናዋ ከሆነች ይሸጧታል። ይህን እንዲፈርድ የተጠራው ረሻድ ነበር።

ረሻድ ሁለት ቀን ፈተሸ። ነዳጅ መስጫውን በእጁ መቶ ጊዜ ያህል ተጭኖ ለቀቀው፤ ሁልጊዜ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ሞላዎቹን አየ። በካቻቢቴው ሞተሩን አዳመጠ። የታጠፈውን የፊት ብረት ካቃና በኋላ መኪናዋን አራት ጊዜ ከኮልፌ ላይ እስከ ታች ነዳት። ኮልፌ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አህያው፣ ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ መንገድ ላይ የተሰጣው በርበሬ በሰዓት ሠላሳ ኪሎሜትር እንኳ አያስነዳም። መኪናዋ እንደ በግ ታዘዘችው።

በሦስተኛው ቀን በወይዘሮዋ ግቢ ጎረቤት ተሰበሰበ። ጋሽ ነገሬ ግንባራቸውን በጨርቅ አሥረው ቆመው ነበር። ድምፃቸውን ሳያነሡ የሆነውን ተናገሩ። "ልጄ ረሻድ፣ ነዳጅ መስጫው ከእግሬ ሸሽቶ ወረደ። ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ጭራሽ ጮኸ። ባስጨነቀኝ ጊዜ ቁልፉን አጠፋሁት። ያኔ ደግሞ መሪው ደረቀብኝ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ፍሬን ሲያዝ የሚጮህ ሞተር ማን ሰምቶ ያውቃል? አንዱ በሹክሹክታ መኪናዋ ዛር አለባት እንዴ አለና አካባቢው ሳቀ። ረሻድ ያኔ ዝም ቢል ይችል ነበር። "ያየሁት ይህን ያህል ነው፤ ያላየሁትም አለ" ቢል ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን ሁሉም አፍ አፉን እያየ ነበር፤ አላውቅም ማለትም አልለመደም።

"ወላሂ፣ ሳልፈትሽ የቀረኝ አንድ ዕቃ የለም። መኪናዋ ንጹሕ ናት" አለ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። "እንግዲህ መኪናዋ ካልሆነች እንቅልፍ ነው" አሉ። ጋሽ ነገሬ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው የደረጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ወጡ። ኋላ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ወደ ወይዘሮዋ ሄደው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ "ረሻድ ምሎ ነግሮኛል" ብለው መለሷቸው።

ሌላ ሹፌር ቶሎ አልተገኘም። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ወይዘሮዋ ረሻድን ሆለታ እንዲያደርሳቸው ጠየቁት፤ እሺ አለ። አስኮን፣ ቡራዩን አለፉ። ከገፈርሳ የውሃ ማጠራቀሚያ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ሲል ፍጥነት ጨመረ። የመኪናዋ መቁጠሪያ በማይል ነውና አርባ ላይ ሲደርስ፣ በኪሎሜትር ስልሳ አምስት ያህል መሆኑ ነው፣ ነዳጅ መስጫው ከጫማው ሥር ቀስ ብሎ ሸሸ። እግሩን አነሣ። ፔዳሉ አልተከተለውም፤ እዚያው ታች ቀረ። ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ጥቂት ዝግ አለችና ሞተሩ አገሳ።

የማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ ጊዜ የሰጡት የጋሽ ነገሬ ቃላት ናቸው። ቁልፉን ቢያጠፋ መሪው እንደሚደርቅ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ፣ ክርኑንም ደገፈ፤ ከዚያ ቁልፉን አጠፋ። የከበደውን መሪ እየታገለ መኪናዋን በዳር አቆማት። በሕይወት የተረፈው ውሸት ነው ብሎ በማለበት ምስክርነት ነበር።

ወይዘሮዋ ምን እንደሆነ ጠየቁት።

"ሙቀት በዛባት፤ ትንሽ ትረፍ" አለ።

እሳቸውም መንገዱን እያዩ፣ "ነገሬም እንዲህ ቢያቆማት ኖሮ እጄ ባልተሰበረ" አሉ።

ረሻድ ቆይቶ ሞተሩን ሲያስነሣ ነዳጅ መስጫው ነፃ ነበር፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወጣ ወረደ። እስከ ሆለታና መልስ ከሠላሳ ማይል አላለፈም። ወይዘሮዋ ዘገየህ አሉት።

በማግስቱ መኪናዋን ላጥባት ብሎ ብቻውን ይዟት ወጣ። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር፣ ያ ሁሉ ጥፋት ባይቀድመው ኖሮ፣ ለማንኛውም ሰው በደስታ የሚነገር ነበር። በሥርዓት ነው የሄደው። መጀመሪያ እዚያው መንገድ ላይ ሠላሳ ማይል ነዳ፤ ምንም። ሠላሳ አምስት፤ ምንም። አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ፤ ምንም። ተመልሶ ደገመ። ምንም። መንገዱ ያው፣ መኪናዋ ያችው፣ ሹፌሩ ያው። ታዲያ ትናንት የነበረ፣ ዛሬ የሌለ ምንድን ነው? ወይዘሮዋ። ክብደታቸው ይሆን ብሎ ድንጋይ ሰብስቦ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ጫነ፤ ነዳ፤ ምንም።

መኪናዋን አቁሞ ዓይኑን ጨፈነ። የትናንቱን ጉዞ በጆሮው አስታወሰው፤ ጆሮው ነው ሁልጊዜ የሚረዳው። የሞተር ድምፅ፣ የጎማ ድምፅ፣ የወይዘሮዋ ድምፅ። ከዚያ አንድ ሌላ፦ ቅጭልጭል የሚል ብረት። የመጋዘን ቁልፎች። ወይዘሮ ጽጌማርያም መኪና ውስጥ ሲገቡ የሦስቱን መጋዘን ቁልፎች፣ እያንዳንዱ የጣት ርዝመት ያለው፣ በአንድ የብረት ቀለበት ይዘው ነው፤ ቀለበቱንም መቁጠሪያዎቹ በሚገኙበት ክሩስኮት ላይ ባለች ክብ መዘውር ላይ ያንጠለጥሉታል። ለቁልፍ ማንጠልጠያ የተሠራች ትመስላለችና። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚከብደው ቁልፍ የተጨመረው ደግሞ በየካቲት ነበር። ለከተማ ጉዞ ግን መጋዘኑ ቅርብ ስለሆነ ቁልፎቹ ቤት ይቀራሉ።

ረሻድ መዘውሯን ብዙ ጊዜ አይቷታል። ዙሪያዋን ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል አለባት። ፊደሉን አያነብም፤ አንባቢ መጠየቅም አሳፍሮት ነበር። የሙቀት መስጫ ትሆናለች ብሎ ትቷት ነበር። አሁን የመፍቻዎቹን ዘለላ በሽቦ አሥሮ አንጠለጠለባት። መዘውሯ ቀስ ብላ አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ተሳበች። ነዳ። አርባ ላይ ሲደርስ ነዳጅ መስጫው ከእግሩ ሥር ሸሸ። መዘውሯን መልሶ ገፋት፤ ፔዳሉ ተፈትቶ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ኮፈኑን ከፈተና ከመዘውሯ የተነሣውን ሽቦ በጣቱ እየዳበሰ ተከተለ። ያገኘው መሣሪያ በእውነት ብልህ ነው፤ ላስረዳ። ከካምቢዮው ተነሥታ የፍጥነት መቁጠሪያውን የምታዞር ቀጭን ገመድ በየመኪናው አለች። በዚህች መኪና ላይ ግን ገመዷ መንገድ ላይ ግማሽ ጡብ ወደሚያክል ሣጥን ትገባለች። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ክብደቶች ይሽከረከራሉ። ወንጭፍ ያዞረ ሁሉ ያውቀዋል፤ በፈጠነ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ውጭ ይጎትታል። ክብደቶቹም መኪናዋ በፈጠነች ቁጥር ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ አንዲት ሞላ ደግሞ ወደ ውስጥ ትስባቸዋለች። የሞላዋን ጥንካሬ የሚወስነው መዘውሯ ያለችበት ቁጥር ነው፤ የድሮው ባለቤት አርባ ላይ ትቷታል። ጉልበታቸው እኩል ሲሆን መኪናዋ የተፈለገው ፍጥነት ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ያኔ መዘውሯ ወደ ውጭ ተስባ ከሆነ፣ ኮረንቲ ወደ አንድ ማግኔት ይሄዳል፤ ማግኔቱም ነዳጅ መስጫውን ይዞ ያስቀረዋል። ሹፌሩ እግሩን ቢያነሣ እንኳ መኪናዋ ፍጥነቷን ጠብቃ ትሄዳለች። ዳገት ሲያዘገያት ነዳጅ ትጨምራለች፤ ፍሬን ሲያዘገያትም እንዲሁ። ፍሬኑን ከዳገት አትለይምና።

እዚህ ላይ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ያሰቡበት ነገር አለ። ፍሬን ከዳገት ካልተለየ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ወደ ማግኔቱ የሚሄደው ኮረንቲ በፍሬኑ ፔዳል በኩል እንዲያልፍ አደረጉ። ሹፌሩ ፍሬኑን በጣቱ ጫፍ እንኳ ቢነካ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ኮረንቲውን ትቆርጣለች፤ ማግኔቱ ይለቃል።

ረሻድ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ፍሬኑ ፔዳል ደረሰ። ማብሪያ አልነበረችም። በቦታዋ በጎማ ጥብጣብ የተጠቀለለ ጥምዝ ሽቦ አገኘ። ጥምዙ ወደ ግራ ነው። ረሻድ ግራኝ ነው፤ በኮልፌ ሽቦ ወደ ግራ የሚጠመዝዝ ሌላ መካኒክ የለም። ጥብጣቡን አልፈታውም። እንደተጋደመ፣ ጉንጩን የመኪናዋ ወለል ላይ እንዳደረገ፣ ብዙ ቆየ።

ማታ ቤቱ ጣሳውን ይዞ ገባና ምንጣፉ ላይ ደፋው። ባለቤቱ ሃጂራ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው፤ "ጥፍር የምታክል ማብሪያ" አላት። እሷ ናት ያገኘችው። ከዚያ ሁሉንም ነገራት።

በማግስቱ ከጥብጣቡ ሥር ያለውን ጥምዝ ፈትቶ ማብሪያዋን መለሰ። ሞከራት፤ ፍሬን ሲነካ ፔዳሉ ወዲያው ይለቃል። መኪናዋ ዳነች። ለማንም ምንም አልተናገረም። ለመሐላው ግን ሦስት ቀን ፆመ።

በሦስተኛው ቀን ሃጂራ ማፍጠሪያ እያቀረበችለት፣ "ለመሐላ ካሣው አሥር ድሃ ማብላት ነው። ፆሙ ለማይችል ነው። አንተ ትችላለህ" አለችው።

"አሥር ሰው ከጠራሁ ምን ሆነህ ነው ይሉኛል።"

"እሱን ፈርተህ ነዋ የፆምከው።"

ረሻድ ተምሩን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ነገሬን ገበያ ውስጥ አገኛቸው። የድንች ጆንያ አፍ በትልቅ መርፌ እየሰፉ ነበር። ግንባራቸው ላይ ጠባሳው ይታያል። ረሻድ ሊያልፍ ሲል ጠሩት፤ በሬድዮ የሰሙትን ወሬ፣ የዝናቡን መዘግየት አወሩት። የተቀየመ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ቢሆን ይቀለው ነበር። ሥራ እየፈለጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። የመንዳት ሥራ አንድ ሰው ሰጥቷቸው እንደነበርና እንዳልተቀበሉ ነገሩት።

"ለምን ጋሼ?"

"እንቅልፍ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ እል ነበር" አሉ፣ መርፌውን እየሳቡ። "ነቅቼ ነበር ብዬ እንደ እብድ ስከራከር ከረምኩ። ኋላ አሰብኩት። ረሻድ ፈትሾ የለም ካለ የለም። ፍሬኑም ጩኸቱም ተኝቼ ያየሁት ሕልም ነው። ሴትዮዋን ብገድላቸው ኖሮስ? መንጃ ፈቃዴን ሣጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ።"

ከጥፋቱ ሁሉ ይህኛው ነው ረሻድን የጣለው። ሥራቸውን አሳጥቷቸዋል፤ ያ ይመለስ ይሆናል። የገዛ ዓይናቸውንና እግራቸውን ግን እንዲጠራጠሩ አድርጓቸዋል። እዚያው ጆንያው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ነቅተው እንደነበርና ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ነገራቸው። ስለ ማብሪያዋ፣ ስለ ጥምዙ፣ ስለ ቁልፎቹ። ጋሽ ነገሬ አዳመጡትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አዝኖላቸው የፈጠረው መስሏቸው ነበር። ልጅ እንደሚያባብሉ ሆነው፣ "አላህ ይስጥህ" አሉት።

ወደ ወይዘሮ ጽጌማርያም መጋዘን ሄዶ ያንኑ ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ የተላከ መሰላቸው። "አሁን ደግሞ አንተን ላከብኝ? በየካቲት ወላሂ ያልከው ማን ነበር?" አሉት። ያ ሁሉ ሰው የሚያምነው የረሻድ ቃል፣ እውነት በተናገረበት በመጀመሪያው ቀን፣ የሚገዛው አጣ።

የቀረው ማሳየት ብቻ ነበር። ለማሳየት ደግሞ ያዳናትን መኪና መልሶ ማሳመም አለበት። ማብሪያዋን ፈታ፤ ሽቦዎቹን በገዛ እጁ እንደገና ወደ ግራ ጠመዘዛቸው። ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮዋን ለሆለታ ጉዞ አስነሣቸው። ጋሽ ነገሬን መናገሻ ዘመዶችዎ ዘንድ አደርስዎታለሁ ብሎ ከኋላ አስቀመጠ። ወይዘሮዋ ሹፌራቸው የነበሩትን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ፤ ቁልፎቻቸውንም እንደ ልማዳቸው አንጠለጠሉ።

መንገዱ ቀጥ ሲል ረሻድ ወይዘሮዋ እግሩን እንዲያዩ ለመናቸው፤ ጋሽ ነገሬንም ወደ ፊት ዘንበል እንዲሉ። ከፊትም ከኋላም መንገዱ ባዶ ነበር። አርባ ላይ ደረሰ። ሁለቱንም እግሮቹን አንሥቶ ወንበሩ ላይ ሰበሰባቸው። ነዳጅ መስጫው ማንም ሳይነካው ታች ቀርቶ ነበር፤ ትንሽ ዳገት ሲመጣም ራሱ ወረደ። ወይዘሮ ጽጌማርያም በሩን ጨበጡ። ረሻድ እግሩን አውርዶ ፍሬኑን ያዘ። ሞተሩ አገሳ።

ከኋላው የጋሽ ነገሬ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ ግን የሹፌር ድምፅ። "ቁልፉን ልታጠፋ ነው? መሪውን ቀድመህ ያዝ፤ ይደርቅብሃል።"

"አላጠፋም ጋሼ" አለና መዘውሯን በመዳፉ ገፋት። ሞተሩ ጸጥ አለ። መኪናዋ በዳር ቆመች።

ማብሪያዋን ከኪሱ አወጣት። ከየት እንዳወጣት፣ በምን ምክንያት፣ ከዚያም ያላየውን አይቻለሁ ብሎ እንዴት እንደማለ፣ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይዘል ተናገረ። ፊታቸውን ማየት ስላቃተው መሪውን እያየ ነው የተናገረው። ወይዘሮዋ ቁልፎቻቸውን ከመዘውሯ ላይ አውርደው ጭናቸው ላይ አኖሩ። መዘውሯን የሳቡት ቁልፎች የእሳቸው መሆናቸው እንደከበዳቸው ገብቶት፣ ማብሪያዋ ብትኖር ኖሮ ቁልፎቹ ምንም ባላመጡ ነበር አላቸው።

ጋሽ ነገሬ ማብሪያዋን ተቀበሉ። መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ተጫኗት፤ ቀጭ አለች። ለቀቋት፤ ቀጭ አለች።

"እንግዲህ ያን ቀን ነቅቼ ነበር" አሉ። ለማንም አልነበረም።

ቆይተውም፣ "መልሳት" አሉት። ረሻድ እዚያው መንገድ ዳር ተጋድሞ ማብሪያዋን ሲያሥር አጠገቡ ቆመው አዩ። ሲጨርስ ፍሬኑን ራሳቸው በእጃቸው እየተጫኑ፣ ሃያ ጊዜ ያህል፣ ቀጭታዋን አዳመጡ። ከዚያ ወይዘሮ ጽጌማርያም ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ "ነገሬ፣ ሆለታ ገበያው ሳይፈታ አድርሰኝ" አሉ። ይቅርታ የሚል ቃል ከእሳቸው አልወጣም፤ ቁልፎቹን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭናቸው ላይ ነበር የሚይዙት። ጋሽ ነገሬ መንጃ ፈቃዳቸው ቤት ተቆልፎ መሆኑን አስታወሱ። ወይዘሮዋም እንግዲያው ዛሬ ረሻድ ይንዳ፣ ከሰኞ ጀምሮ ግን አንተ ነህ አሏቸው። ረሻድ ነዳ፤ ከኋላው የተቀመጡት ሰው እያንዳንዱን የእግሩን እንቅስቃሴ እያዩት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

በቀጣዩ ዓርብ አሥር ድሃ ቤቱ ጠርቶ አበላ። እንደፈራውም ሰው ሁሉ ምን ሆነህ ነው አለው፤ ለጠየቀው ሁሉ ነገረ። ለጫማ ሰፊውም ነገረው፤ ጫማ ሰፊው ስለ ጣሳው ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ጋሽ ነገሬም መጡ። ሥጋው የእስላም ስለሆነ አይበሉትምና ሃጂራ ሻይ ሰጠቻቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም፤ እሱም አልጠየቀም።

ረሻድ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠራ፤ ሰውም ወደ እሱ መምጣቱን አልተወም። ሲጠየቅ ግን "ይህን አይቻለሁ፤ ይህን ደግሞ አላየሁም" ማለት ጀመረ፤ አንዳንዱ ደንበኛ ረሻድ አረጀ አለ። ሰማያዊዋ መኪና ለጥገና ስትመጣ ጋሽ ነገሬ እንደ በፊቱ ጥለዋት አይሄዱም። በርጩማ ስበው ከአጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ይነሡና፣ "ዛሬ ምን ተረፈ?" ይላሉ። ረሻድ ሁለቱንም መዳፎቹን ገልብጦ ያሳያቸዋል። ጎረቤቶቹ ይህን እንደ ጨዋታ ቆጥረውት ይስቁ ነበር። ሁለቱ አይስቁም። ጋሽ ነገሬ መዳፎቹን በደንብ አይተው ነው መኪናዋን የሚያስነሡት።